አሥራ ሦስት ኪሎ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ፔትሮዛቮድስክ ላይ ሲያካፋ፣ ከቤት ማልጄ፣
ከሐዲዱ ማዶ ወዳለው ሱቅ ሦስት ደረጃ ወርጄ፣
የጎማና የማስቲሽ ሽታ ተቀበለኝ እንደ ወዳጄ።

ዬጎር የሚባል ጎረምሳ፣ ጢሙ ገና የሚያቅማማ፣
«ለየት ያለች አለችኝ አባባ» አለ፣ የምፈልገውን ሳይሰማ።

«ስማ» አልኩት፣ «መኪና የለኝ፣ ጓዜን በጀርባዬ ነው የምሸከመው፣
ከባቡር ወርጄ አምስት ኪሎ ሜትር ነው ጫካውን የማዘግመው።
ከስንቄ ብዙ የማትከብድ፣ ከትከሻዬ የማትሰፋ፣
ደርሼ ላቤ ሳይደርቅ፣ በጥቂት ግፊት የምትነፋ።»

ዘረጋልኝ አንዲቱን፣ አረንጓዴ፣ የአንድ ሰው፣ ስምንት ኪሎ፣
ታጥፋ ከትራስ ታንሳለች። «እቺ ናት» አልኩ፣ ልቤ ቸኩሎ።
ሌላም ነበረች፣ ሰማያዊ፣ ርካሽ፣ እንደ ፊኛ የሳሳች፣
መንጠቆ ቀርቶ ክፉ ዓይን ቢያያት የምትተነፍስ መሰለች።
ሦስተኛዋ ሞተር ተሸካሚ፣ ወለሏ ሳንቃ፣ አፍንጫዋ ቀና፣
እሷን የሚገዛ ሰው ግን መጀመሪያ ይግዛ መኪና።

ወደ ስምንት ኪሎዋ ተመለስኩ።
ስፌቷን በአውራ ጣቴ ዳበስኩ፣ ቫልቯን ከጆሮዬ አስጠጋሁ፣
ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስጠግን ጆሮዬን በአየር ፉጨት ገራሁ።
መቅዘፊያዋ ለሁለት ይነቀላል፣ መንፊያዋ አኮርዲዮን ይመስላል፣
ዬጎር ደረሰኝ ሊጽፍ ሲል . . . ከኋላዬ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ታይሲያ ናት።
የሹራብ ክር ልትገዛ ወጥታ፣ በመስኮት አይታኝ ነው የገባች፣
ጀልባዋን ዞር ዞር ብላ አየቻት፣ በጫማዋ ጫፍ ነካ አረገች።
«ሮዲዮን» አለች፣ «እኔስ የት ልቀመጥ ነው?»

አርባ አንድ ዓመት በትዳር ስንኖር አንዲት ቀን መንጠቆ አልያዘችም፣
ትል ያለበት ቆርቆሮ ካየች በዚያ በኩል አታልፍም፣
ከሐይቅ ስመለስ እጄን ሦስቴ ሳልታጠብ ዳቦ አትሰጠኝም።
ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ዬጎርም ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ያኔ ገባኝ።
ባለፈው ግንቦት፣ ሐይቁ ላይ፣ ደረቴን ሲይዘኝ ብቻዬን፣
መቅዘፊያው ከእጄ ወጥቶ፣ ነፋሱ ሲገፋ ጀልባዬን፣
ሸምበቆ መሃል በጀርባዬ፣ ሰማይ ሰማይ ሳይ የዋልኩትን፣
ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ለካ ታውቃለች የደበቅኩትን።
ከማን ሰማሽ አላልኳትም፤ አርባ ዓመት ጎን ለጎን ሲተኛ
የሰው ልብ ምት በሌሊት፣ ሳይጠይቁት፣ ይሆናል ወሬኛ።

«የሁለት ሰው አለ?» አልኩት። አመጣት። አሥራ ሦስት ኪሎ ሞላች።
«ለአባባ ጀርባ . . .» ብሎ ሳይጨርስ፣ «እኔስ ጀርባ የለኝም?» አለች።
«መንፊያና መቅዘፊያው የኔ ነው። ማስቲሽ ጨምር፣ ልጣፊ ጎማም፤
ጫካ ውስጥ ጎሚስታ የለም። ዋጋም ቀንስ፣ በዚህ ዝናብ ሌላ አይመጣም።»

ቅዳሜ፣ የንጋቱ ባቡር ውስጥ፣ እግራችን መሃል እንደ ውሻ
ተጠቅልላ ተኝታለች።
ትኬት ቆራጩ «ትናከሳለች?» አለ፣ ሲደርስ ወደ መጨረሻ።

ሐይቁ ዳር ትንፋሽ ሲያጥረኝ መንፊያውን ቀምታኝ ረገጠች፣
ጉርድ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እየቆጠረች፣ መቶ ሠላሳ ላይ ጨረሰች።
አንዱ ስፌት ትንሽ ያፏጫል። ሰማሁ። እሷም ሰማች።
«ታፈሳለች» አልኩ።
«ማነው የማያፈስ?» አለችና ገባች።

ፊት ለፊት ተቀመጥን፣ ጉልበት ከጉልበት ተነካክቶ፣
አንዳችን ሲተነፍስ ሌላው ይወዛወዛል፣ ውሃው ከሥር ተኝቶ።
ክሬን ጣልኩ። ታይሲያ ከቦርሳዋ የጀመረችውን ሹራብ አወጣች።
«መርፌ! በአየር በተነፋ ጀልባ!» ብዬ ልጮህ ስል፣
ዝም ብላ ወደ ፊቴ ቀና አደረገች፤
በሁለቱም መርፌ ጫፍ
የጠርሙስ ቡሽ ሰክታለች።