ሁለት ጥርስ በአንድ ጣራ

ሰኞ ማታ ሲፈን ዳቦ ስትገምጥ
የፊት ጥርሷ ወልቆ ዳቦው ላይ ሲቀመጥ፣
አልጮኸችም፤ ሳቀች። በሻይዋ አጠበችው፤
ለወንድሟ ለረምዚ በመዳፉ ሰጠችው።
ረምዚ ገና አራቱ ነው። የራሱን ነካካ፤
አንዱም አይነቃነቅ። ቅር ብሎት ነው ለካ
ራቱን ሳይጨርስ ሄዶ የተኛው።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ
የአባቴም ጥርስ ወልቋል፤ እሱ ግን ደበቀው።
አባ ሚልኪ ማለት፣ ሂርማታ የሚያውቀው፣
ባለሦስት እግር በርጩማ ካንድ ዋንዛ ግንድ፣
ሚስማር ሳይነካው፣ ሙጫ ሳያሸት፣
ጠርቦ የሚያወጣው፣
ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንጨት ያነጋገረ፣
ስለ ጥርሱ ሲሆን ዝም ብሎ አደረ።
"ሆዴን ነፋኝ" አለ፤ ቆሎውን በሙሉ
ለልጆቹ አደለ።

እናቴን ግን መቼ ይደበቃታል?
አንሶላ ስትቀይር፣ ከትራሱ ሥር፣
በፋርማሲ ወረቀት ተጠቅልሎ አገኘችው።
"አንተ ሰውዬ፣ ሌባ ይመስል
የገዛ ጥርስህን ትሸሽጋለህ?"
ቀስ ብላ ነው ያለችው።
ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፣ ግድግዳው የሳሳ፤
የሲፈን ጆሮ ደግሞ ምንም ነገር አይረሳ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት መጣች፣ ጭቃ ለብሳ፣
አንድ ካልሲ በእግሯ፣ አንዱን ኪሷ ከታ፤
በእጁ ጎተተችው፣ እስከ አቮካዶው ጥላ።
"አካካ፣ ሕግ አለው። ጣራ ላይ ይጣላል።
'የኔን ውሰጂና ያንቺን ስጪኝ፣ ወፌ' ይባላል።
ካልጣልከው አይበቅልም።
ትራስ ሥርማ ምን ሊበቅል?"

አባቴ ሊስቅ ሲል አፉን በመዳፉ ከደነ፤
ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ መዳፉን አነሣው።
ልብስ ሳሰጣ አየኋት፦
ካጥር ላይ አንድ እንጨት ሲጎድል
ሕፃን የሚሾልክባት ዓይነት ክፍተት።
ፊት ለፊቱ የቆመችውም
ያቺኑ ክፍተት ይዛ ትስቃለች።

የሲፈን ጥርስ መጀመሪያ ጎመኑ ውስጥ ወደቀ፤
ሁላችን ተንበርክከን ፈለግነው፤ ደግማ ወረወረች።
የአባቴ ትከሻ መጥረቢያ የበላው ነው፤
ቢሆንም አንዴ በቃው። ቆርቆሮው "ቀጭ" አለ።
ረምዚ የሚጥለው የለውም፤ ከንፈሩን ጣለ።
አባቴ ኪሱን ዳበሰ፤
ለዶሮዎቹ ከሚበትነው በቆሎ
አንዲት ፍሬ ቀርታ፣ "ያንተ ይቺ ናት" ብሎ
ተሸከመው፤ ጣላት።

ያን ማታ ዘነበ። በማግስቱም።
የጅማ ግንቦት ልሂድ የማይል እንግዳ ነው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ከሲፈን ድድ ውስጥ
የሩዝ ጫፍ የምታህል ጥርስ ብቅ አለች።
አካካ በየማለዳው ይመረመራል።
"አፍህን ክፈት!" ይከፍታል።
"ገና ነው" ትለዋለች፣ እንደ ሐኪም ተኮሳትራ፤
"ወፏን ያንተ ከብዷት ይሆናል።"

ቅዳሜ ረምዚ በርጩማ ላይ ቆሞ ጮኸ፦
"አካካ! በቀለ! ያንተ በቀለ!"
ወጣን።
አሸንዳው ውስጥ፣ ከበሰበሰ ቅጠልና ከአፈር መሃል፣
ጣት የምታህል የበቆሎ ቡቃያ
ቀጥ ብላ ቆማለች።
ማንም አላረመውም።
አባቴ አንጋጦ ብዙ አያት።
"አረንጓዴ ናት'ኮ" አለ።
"ስታድግ ትነጣለች" አለች ሲፈን።

አሁን ውሃው በርሜሉን ትቶ በራችን ላይ ይፈሳል።
እናቴ ትቆጣለች፤
"እዚህ ቤት አሸንዳ የሚጠርግ ወንድ ጠፋ?"
መሰላሉ ግድግዳ ተደግፎ እዚያው ቆሟል።
አባቴ "ነገ" ይላል።
ነገ ሲመጣ ደግሞ፣ ገና ሰማዩ ሲጠቁር፣
እሷው ራሷ ቀድማ
ባልዲውን ከበሩ ሥር ታኖራለች።