ረድፍ አራት መቶ አሥራ ሰባት

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ ኮምቦልቻ፤
የመጋዘኑ ዘበኛ ሳልና የእኔ ጣት ድምፅ ብቻ።
ነገ መኪናው ዘር ጭኖ ወደ ሐርቡ ይወርዳል፤
ስክሪፕቴ ግን ዝርዝሩን ያነብና መሐል ላይ ይወድቃል።

ደከመኝና አንዲት መስመር ጨመርኩለት፦
«ያልገባህን ረድፍ ዝለለው።»
ዘለለ። «ተጠናቀቀ» አለኝ፣ ደስ አለው።
ስቆጥር ሃያ ሦስት ሰው ጎደለው።

ተመለስኩ፤ ያቺን መስመር ሰረዝኩ።
አራት መቶ አሥራ ሰባት፦ ጦይባ ይማም።
ስሟ ደህና ነው፣ ዕድሜዋም።
ከዚያ ወዲያ አምዱ ተንሸራቷል።
ቤተሰቧ ስንት ነው? «ከወርካው ዝቅ ብሎ»።
ስንት ኪሎ ይገባታል? «ቢጣሩ የሚሰማ ቤት»።
ስድስቱ ነፍስ፣ ሃምሳው ኪሎ
ከሠንጠረዡ ጫፍ አልፈው ሜዳ ላይ ቀርተዋል።

መዝጋቢው አራጋው ነው፤ አውቀዋለሁ፣
መንገድ ቢጠይቁት እስከ በሩ የሚሸኝ ሰው።
«ከቦርከና ማዶ» ብሎ አልበቃውም፤
በየመታጠፊያው ኮማ እየጣለ ወሰደኝ።
ለእሱ ኮማ ማረፊያ ናት፣ ትንፋሽ መሰብሰቢያ፤
ለእኔ ኮድ ቢላዋ ናት፣ የአምድ መለያያ።
ጥፋቱ የማን ነው ቢሉ፣ የእኔ መሰለኝ፤
ሰምቼ ሳልጨርስ መቁረጥ የጀመርኩ እኔ ነኝ።

አድራሻዋን በትእምርተ ጥቅስ አቀፍኩት፤
ኮዱንም ጥቅስ ውስጥ እንዳይቆርጥ አስተማርኩት።
ጦይባ ገባች፣ ከነስድስት ነፍሷ።

ልዘጋ ስል ዘጠኝ መቶ ሁለት ላይ ቆመ።
አራጋው እዚያ ጥቅስ ከፍቶ
ሳይዘጋው ሄዷል።
ለመሆኑ ማንን ሊጠቅስ ነበር?
ዘበኛው ያስላል። ለሱብሒ ገና ነው።