ሳትጎድል

ሰኔ ነው በአላፑዣ፤ ሰማይ ከቦዩ ጋር ተጣብቆ ይውላል፣
ጀልባ በደጅ ያልፋል፣ ግድግዳ ያልበዋል፣ ወረቀት ይዝላል።
በዚህ ሁሉ ርጥበት፣ በዚህ ሁሉ ጎርፍ፣
ከሆስፒታሉ ጓሮ፣ ከጠባቡ ክፍል ጫፍ፣
ሱማንጋላ ቁጭ ብላ፣ ትንፋሿን ቆጥባ፣
የምታያት አንዲት ናት፣ ከተረከዝ ነጥባ።

ገና የሦስት ቀን ነው የጠብታዋ ጌታ፣
ያለጊዜው መጥቶ፣ ከሩዝ ከረጢት ጋር ቢመዘን ያልረታ።
እንደ ወገኖቹ ልማድ ስም በሃያ ስምንት ቀን ይሰጣል፤
እስከዚያው በካርዱ «የአልጋ አሥራ አንድ ልጅ» ተብሎ ይቀመጣል።

«ድሮ» አለቻት ጂንሲን፣ አዲሷን ተለማማጅ፣
«በብርጭቆ ቱቦ ስንቀዳ፣ ግማሿን ግድግዳው ይልሳት ነበር።
አልበቃም እንልና ሌላውን ተረከዝ ልንወጋ እንመለሳለን፤
እናትየዋ ፊቷን ወደ መስኮት።
ብርጭቆ ደም እንደሚጠጣ ያወቅሁት ያኔ ነው።
ሦስት ጊዜ የወጋሁት ልጅ ነበር፤ ዛሬ ጎረምሳ ሆኖ ዓሣ ይሸጥልኛል፣
ስከፍለው እግሩን እንጂ ፊቱን አላይም።»

አሁን ሰሃኗ ጥቁር ናት፣ የጠላሸት መሳይ፤
ዓይን የማያየው የመርፌ ደን በቅሎባታል ከላይ።
ጠብታዋ በጫፎቹ፣ በአየር ፍራሽ ላይ፣
ሳትነካ ነክታ፣ ሳትተኛ አርፋ፣
ቆማለች፤ መብራቱን፣ መስኮቱን፣ ጀልባውን ከነቀዛፊው
ገልብጣ በሆዷ አቅፋ።

ዘንበል ሲያደርጓት ሄደች። ቀና ሲያደርጓት ቆመች።
ደም የማያርሰው ምላጭ መሐሏን ቢነካት ሁለት ሆነች፦
አንዷ ለስኳር፣ አንዷ ለቢጫው።
ለሰሃኗ ምንም። ጭላጩ እንኳ አልደረሳትም።

«ያዣት» አለች። የጂንሲ እጅ ተንቀጠቀጠ።
ያን ጊዜ መብራት ጠፋ፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ቀጠቀጠ።

ከጨለማው ውስጥ ድምፅ፦ «ወደሷ አትተንፍሺ። ስሚኝማ፤
ልጆች ሳለን፣ ከቦዩ ጠብታ ቀድተን በጎደሬ ቅጠል፣
በኮኮናት ግንድ ድልድይ እንሽቀዳደም ነበር፣ ማን ይደርሳል ሳይጥል።
ወንድሜ ይደርሳል። እኔ? አንድም ቀን።
አባቴ ጀልባ ቀዛፊ ነበር፤ የመከረኝን ስረሳ፣
‹ውሃ በጎደሬ ላይ!› ይለኛል፤ ስድብ ነው በኛ አፍ።
እዪ እንግዲህ፣ ያ ስድብ እንጀራዬ ሆነ።»

ጄኔሬተሩ አስሎ፣ አስሎ ተነሳ።
ሁለቱም ጎንበስ አሉ። ጠብታዎቹ እዚያው ናቸው፣ ጥንድ ዓይን መስለው፣
አዩአቸው፣ ታዩ።
ቢጫው ከትናንቱ ዝቅ ብሏል፤
ጂንሲ ቁጥሩን ጻፈች፣ እጇ ገና እየራደ።

ማታ ሰሃኗን ውሃ ቢያፈሱባት ደረቅ ሆና ወጣች፣
ማንም ያላረፈባት ይመስል፣ እንግዳዋን ረስታ።

የአልጋ አሥራ አንድ ልጅ ተኝቷል።
ቀኝ ተረከዙ ላይ ጥጥ፣ ከጥጡ ሥር አንዲት ነጥብ።
ግራው ደህና ነው፤ ማንም አልነካውም።