ቅጹ ሰው አይቆጥርም

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ ዘንባባ ተጠግቼ፣
የቢራ ሣጥን ላይ ቅጽ በጭኔ ዘርግቼ፣
ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ መኪና ቆጠርሁ፣
ለቀን አበል ብዬ አቧራ እየበላሁ።

ማዘጋጃ ቤቱ ቢጫ ቀለም ገዝቶ፣
ከጎዳናው በቀኝ አንድ ረድፍ ለይቶ፣
«ለአውቶቡስ ብቻ» ቢል አስፋልቱ ላይ፣
ቀለሙ ሳይደርቅ ነው የተነሣው ዋይ ዋይ።

አንሙት፣ ባለባጃጅ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣
እንዲህ አለኝ አንድ ቀን፣ ቅጼን ጎንበስ ብሎ አይቶ፦
«ቤት አጥብበው ሲያበቁ ‹ሰፋ በሉ› አሉን፣
ቤንዚን ተሰልፈን፣ መንገድም ተሰልፈን!
አራት ምልልስ ነበር እስከ ቁርስ ሰዓት፣
አሁን ሁለት ካገኘሁ ተመስገን ነው ማለት።
አየኸው ያን ባዶ? ድመት ተኝቶበት!»

እውነቱን ነው፤ ጻፍሁት፦ ከጠዋቱ አንድ ተኩል
ክላክስ ክላክስን ይሰድባል በእኩል፤
ብስክሌተኛው ወርዶ ብስክሌት ይሸከማል፣
የጫት ፒካፕ እንኳ እንደ ቀብር ያዘግማል።

በዘጠነኛው ቀን፣ በሩ በገመድ ታስሮ፣
አንድ ቀይ አውቶቡስ መጣ ተወጥሮ።
ከአንሙት ጎን አልፎ፣ ድመቱን አስነሥቶ፣
ሽው ሲል ዐይኔ ገባ በመስኮት ተንጠራርቶ፦
የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው የወጡ
ሴቶች፣ ጥጥ በቅንድብ፣ እንቅልፍ የሚያላምጡ፤
እትዬ ይታይሽም ከነኩላሊቷ፣
የእጥበት ቀጠሮ ሳያልፍባት ሰዓቷ፣
እጇን አነሣችልኝ።
እኔም ቅጼ ላይ
አንድ ጭረት፦ «አንድ»።

ከኋላው ቪኤይት፣ መስታወቱ ጥቁር፣
ውስጡ አንድ ሰውዬ ከስልኩ ሲማከር።
አንድ ጭረት፦ «አንድ»።

ወደ አቶ ቢተው ሄድሁ፣ አለቃዬ ናቸው፣
«የሰው ዓምድ የለውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።
መነጽር አውልቀው፣ በክራቫት ጠርገው፣
«ቅጹ ሰው አይቆጥርም» አሉኝ ቀስ ብለው።
ሰም ነበር ለእሳቸው። ለእኔ ወርቁ ቀረ፣
ማታ አልጋዬ ላይ ሲያቃጥለኝ አደረ።

ረዳ ወይስ ጎዳ? ቢሉኝ መልስ የለኝም፤
አንሙት አይዋሽም፣ ይታይሽም አትዋሽም።
በመጨረሻው ቀን ግን ኅዳጉ ላይ ጻፍሁ፣
ማንም እንዳያየኝ በእጄ እየሸፈንሁ፦

«አውቶቡስ፣ ስድሳ ሁለት። ቪኤይት፣ አንድ ነፍስ።
ባጃጅ፣ ሦስትና አንሙት፣ ቤንዚን እስኪጨርስ።
ድመት፣ አንድ። ተነሥቷል። ይመለስ አይመለስ…»