ብር፣ አላድ፣ ሩብ፣ ተሙን

አዴ ሸምሲያ ከአዲስ አበባ መጣች፣ ሐሙስ ማታ፣
ጣዕም የሌለው፣ ሽታ የሌለው፣ አንድ ጉንጭ ጠጥታ።
ለእንቅርቷ ነው፤ ልቧን እንደ ባጃጅ ለሚያስነሳት፣
እጇን ለሚያንቀጠቅጥ፣ እንቅልፍ ለሚነሳት።
"አዮዲን ነው" አሏት፤ ጭስ የሌለው እሳት።
"ለብቻሽ ተኚ፣ ልጅ አትቀፊ" የሚል ወረቀት አስያዟት።

ቆጪ፣ ከቤቷ ጓሮ፣ ማገዶ የሚከመርባት ክፍል ነበረች፤
ተጠርጋ አልጋ ገባላት፤ አዴ ገባች፣ ዘጋች።
ምሳዋ ደጃፉ ላይ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤
ያስቀመጠው ሰው ዞር ሲል የእሷ እጅ ብቅ ይላል።
"በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባል ነበር" አለችኝ በመስኮት፣
"የእኔስ ባሰ፤ በእንቅርት ላይ ወህኒ ቤት።"

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ፤ ፋርማሲ ውስጥ ክኒን የምቆጥር፣
በሐኪም ጽሑፍና በበሽተኛ ዓይን መካከል የምኖር።
"መቼ ነው የሚያልቀው?" አለችኝ። "አያልቅም" አልኳት ቸኩዬ፤
ፊቷ ሲጠቁር አየሁና አረምኩት፣ ምላሴን ነክሼ፦
"ማለቴ፣ ይገመሳል። በስምንት ቀን ግማሹ ይሄዳል።"
"እንግዲያ በአሥራ ስድስት ቀን ሙልጭ ይላል!"
"የለም፤ ያን ጊዜ ሩብ ይቀራል፤ ሩቡም ደግሞ ይከፈላል።
ግማሽ ዕድሜ ይሉታል።" ሳቀች። "የእኔስ ግማሽ ሲያልፍ የት ነበርኩ?
ሐሙስ ገበያ ሄጄ ይሆናል።"

"ዛሬ የሚሄደው የትኛው ነው?" ይህን ማንም አያውቅም።
አንዷ ቅንጣት ዛሬ ትፈርሳለች፣ ጎረቤቷ ወር ትቆያለች፤ ምክንያት የለም።
ከትናንት የተረፈች ዛሬም አዲስ ናት፤ አታረጅም።
ስለ አንዷ መማል አይቻልም፤
ስለ እልፍ አእላፉ ግን
ሰዓት ይዘህ ብትቆም አታፍርም።

"ይሄስ ክኒን፣ ለልቤ የሰጠኸኝ፣ ለምን በቀን ሦስቴ?"
"እሱን ጉበትሽ ይፈጨዋል፤ በአራት ሰዓት ግማሹ የለም፣ አክስቴ።
የሚያፈስ እንስራ ነው ገላ፤ እየሞላሽው ትኖሪያለሽ።
ያኛውንም ከፊሉን በሽንት ታወጪዋለሽ፤ ውሃ ጠጪ፤
የቀረውን ግን ጉበት አያፈጥነው፣ ዱዓ አያዘገየው፤
የራሱ ሰዓት አለው።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዝም አለች።
አዌቱ ሞልቶ ሲጮህ ከሩቅ ይሰማል።
ከዚያ፣ እንደ ተረት፦
"አያቴ አባ ዱራ ሂርማታ ላይ ዝባድ ይሸጡ ነበር፣ በጠገራ ብር።
ልጅ ሳለሁ ጣቴን ይዘው ያስቆጥሩኝ ነበር፦
የብር ግማሹ አላድ፣
የአላድ ግማሹ ሩብ፣
የሩብ ግማሹ ተሙን፣
የተሙን ግማሹ ግርሽ።
ከግርሽ በታችስ ስላቸው፣ 'ለለማኝ የሚሰጥ አይጠፋም' ይሉኝ ነበር።
ዛሬ ስንተኛ ቀኔ ነው?"
"አሥራ ሁለት።"
"እንግዲህ አላድን አልፌያለሁ፤ ሩብ አልደረስኩም።"
እኔ ይህን ለማወቅ ሎጋሪዝም አስፈልጎኝ ነበር፤
ለእሷ አንድ ዝናብ በቃት።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ በእሷ ገንዘብ ቆጠረ።
ጎረቤት "አዴ እንዴት ናት?" ሲል፣ "ሩብ ሆናለች" ይባላል፤
ጎረቤትም እንደገባው ሰው "አልሐምዱሊላህ" ይላል።

ኢፍቱ፣ የልጇ ልጅ፣ አራት ዓመቷ ነው።
ከሳሎኑ በር እስከ ጓሮ ክፍሏ መሃል አቮካዶ ዛፍ አለ።
"እስከ ዛፉ ብቻ" ተባለች፤ ቆመች፣ አውራ ጣቷን እየጠባች።
በአላዱ ቀን የቀረውን መንገድ ግማሽ ሄደች፤
በሩቡ ቀን የዚያን ግማሽ፤
ጭቃው ላይ በእግሯ መስመር አሰመረች።
በሂሳብ ከሆነ መቼም አትደርስም፤
ሁልጊዜ ግማሽ ይቀራታል፦ ክንድ፣
ስንዝር፣ ጥፍር፣
ስም የሌለው ነገር።

በሃያ አራተኛው ቀን፣ በተሙኗ፣ ሐኪሙ ደወለ፦ "ይበቃል።"
ይበቃል አለ እንጂ አለቀ አላለም።
አዴ ሸምሲያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፣
ከበርጩማው ላይ ሳህኑን አንስታ ተቀመጠችበት፣
እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው፤ አይንቀጠቀጡም።

ኢፍቱ መስመሯ ጋ ደረሰች።
ግማሹ ላይ አልቆመችም።