የሐሙስ ማታ ጫማ

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ሚሻሪ ከካምፕ ሲለቀቅ
ፋሃሂል ቤቱ አይገባም፤ ልብሱን ሳያወልቅ
ቀጥታ እዚህ ነው፣ አዳን ሆስፒታል።
ሊፍቱ ሲከፈት አሸዋው ይቀድማል፣
ከዚያ ቦት ጫማው ነው፤ ከዚያ እሱ ይመጣል።
ሙዲ ዐይኗን ሳትገልጥ በጠረኑ ታውቃለች፣
«ባባ፣ ናፍጣ ናፍጣ ትላለህ» ትላለች።
ሌሊት ወንበር ላይ ይተኛል፤ ጫማውን እኔ አራግፋለሁ፣
ጠዋት ከመታጠቢያው አንድ ጭብጥ በረሃ አፍሳለሁ።

አምስት ዓመት ሞላት ረመዳን ሲገባ፤
ኩላሊቷ ብቻ ሸመገለ እንደ አባባ።
እሑድ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ ማሽን ያጥብላታል፤
ደሟ በቱቦ ወጥቶ ዞሮ ይገባላታል።
ቆጣሪው ሲጮኽ ነርሷን የምጠራ እኔ፣
ጠጉሯን የምጎነጉን፣ ተረት ያለቀብኝ እኔ።
እናቷ ደላል አንዱን ልትሰጣት ነው፤
ቀኑ ተቆርጧል፣ የፊታችን ሰኞ ነው፤
በአንደኛው ክፍል እናት፣ በሌላኛው ልጅ፤
እሱ ግን ሰኞ ዘብ ነው፣ አብደሊ ኬላ ደጅ።

የባንክ ሠራተኛ ነው ዓመቱን በሙሉ፤
ወሩ ሲደርስ ግን «ና» ይለዋል ውሉ።
ዩኒፎርሙ ጠቦታል፤ ሆዱ ላይ ቁልፉ ይጨነቃል።
በእኛ ቋንቋ ስሙ «ተጠባባቂ ጦር» ነው፤
ይህን ስም ያወጣ ሰው ኮሪደር ያውቃል፤
መሣሪያ ሳይሰጠው ስንቱ ይጠብቃል።

ዛሬ ግድግዳ ተደግፎ ልመና ይለማመዳል፤
ከስልኩ ላይ ያነባል፣ ይሰርዛል፣ ይደግማል፦
«ክቡር ሻለቃ፣ አንድ ሳምንት ብቻ።
እመለሳለሁ። በልጄ ይሁንብኝ።
ቀኑን በሌላ ወር እከፍላለሁ።»

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ።
ይህ ንግግር የኔ ነበረ።

ካቻምና፣ አባቴ ቦሩ ሜዳ ተኝቶ፣
በኩሽናው በር ቆሜ፣ እጄ ሳሙና ነክቶ፣
«ባባ፣ አንድ ሳምንት ብቻ» አልኩት፣ «እመለሳለሁ፤
ትኬቱን ከደሞዜ ቁረጥ፣ እከፍላለሁ።»
«ኢንሻአላህ» አለኝ፣ ዐይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።
ፓስፖርቴ ከመሳቢያው፣ እኔ ከኩሽናው ሳንነሳ
ዘጠኝ ቀን አለፈ።
ቀብሩን በኢሞ አየሁ። የወንድሜ ልጅ ሲያለቅስ
ስልኩን አዘቅዝቆት ኖሯል፤ ቃሬዛው መቃብር እስኪደርስ
ያየሁት የተሸካሚዎቹን ጫማ ነው፤
ጭቃ የለበሰ፣ ማሰሪያው የላላ፣
አንዱ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የማላውቀው።

ስልኩ ጠራ። ሻለቃው።
ሚሻሪ ቀጥ አለ፣ ሰው በሌለበት ብቻውን ተሰልፎ፤
የዚያ ሰው ድምፅ ወፍራም ነው፤ እኔ ጋ ደረሰ፣ ጆሮውን አልፎ፦
«ኢንሻአላህ፣ ያ ሚሻሪ። ኢንሻአላህ።»

አላህ ይቅር ይበለን። ስሙ የከበደ ጌታ፣
በስሙ ስንት ጊዜ ጠቀለልን እምቢታ።
እኔም ለሙዲ እላታለሁ፣
«መቼ ነው ቤት የምንሄደው?» ባለች ቁጥር።

ወንበሩን በእጁ ዳበሰ፣ ተቀመጠ።
ብዙ ቆየ፣ ጫማውን እያየ።
ከዚያ፣ ቀና ሳይል፦ «ሉባባ፣
የአባትሽ ሕመም ምን ነበር?»
በሁለት ዓመቱ።
በዐረብኛ አላውቀውም። «ጣፊያ» አልኩት።
«ጣፊያ» አለ፣ በዚያ በከባዱ ጣ፣ ሳይሳሳት።
ደስ አላለኝም። አልከፋኝምም።
ሰኞ እዚህ በር ላይ ማን እንደሚቆም
አልጠየቀኝም፤ አልነገርኩትም።

ሙዲ ነቃች። «ውሃ።»
የተፈቀደላት በጠርሙስ ክዳን ልክ ነው፣ እስከ ነገ።
ሁለታችንም ተነሳን።
እሱ ጠርሙሱን ያዘ፣ እኔ ክዳኑን፤
ትርፍ ጠብታ እንዳትወርድ፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን።