አራተኛው ጥላ

ላሆር፣ ሐምሌ ወር፣ ምድር ቤት ውስጥ ነን፤
አሥራ አንድ ደረጃ ወርደን፣ ተኮልኩለን።
ስድስት ማሽን አለ፤ አንደኛው አይሠራም፤
ባለቤቱ ረፋቃት "ነገ" እንጂ "እምቢ" አይልም።
እኔ በያጅ ነኝ። የተሰበረ እጀታ፣ የደከመ ቁልፍ
እጠግናለሁ፤ ክፍያዬ ሻይ ነው፣ አልፎ አልፎም ትርፍ።
ሰው በመልኩ አልለይም፤ በሚጨርሰው ቁልፍ እንጂ፦
ዛርጋም የእርግጫውን ነው፣ በሳምንት አንድ ፈጂ፤
ዙኔራ የመከላከያውን፣ በቀስታ፣ በዝምታ፤
የሚመታት እስኪሰለች፣ ቆይታ ነው የምትመታ።

ዛሬ ማንም አይጫወት። ወሬ ነው የያዘን፤
ከኩባንያው የወጣ ምስል ነው ያፈዘዘን፦
የሁለት ዓለም ጀግኖች የሚፋለሙበት ጨዋታ
አራት እንግዳ ይጨምራል፣ ስማቸውን ሳይፈታ።
አራት ጥቁር ጥላ ብቻ።
አንዱ ቀንድ አለው፤
አንዷ እጅጌዋ መሬት ይጠርጋል፤
አንዱ ጎባጣ ነው።
አራተኛው ምንም። ትከሻና ራስ። እንደ ማንም ሰው።

"ቀንዳሙን አውቀዋለሁ!" አለ ዛርጋም፣ ቀድሞ እንደ ልማዱ፤
"የማዕድን ጉድጓዱ ጋኔን ነው፣ መዶሻ የበቀለ በክንዱ!"
"አይሆንም" አለ ሻህሚር፣ ሕግ የሚያጠናው ልጅ፤
"ባለቤቶቹ ተካሰዋል፤ ጋኔኑ ታስሯል በጠበቆች እጅ።"
"እጅጌ ረጅሟስ?" "አጣቢዋ ናት፣ ከዚያ ከድሮው ጨዋታ፣
ሠራዊት በገንዳ ዘፍዝፋ ያሰጣች ጠዋት ማታ።"
ይህን ያለች ዙኔራ ናት። ስትናገር አይተን ስለማናውቅ
ማንም አልተከራከራት፤ የደፈረም የለ ሊስቅ።

ያን ጊዜ መብራት ሄደ።

ማራገቢያው ሦስት ዙር ዞሮ፣ ተንፈስ ብሎ ቆመ፤
ስድስቱም፣ አምስቱም ማለቴ፣ ማሽን አንድ ላይ ጨለመ።
ሙቀቱ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ከላይ ወደቀብን፤
ማንም ግን ንቅንቅ አላለም፤ ጨለማው ጭራሽ ጣመን።
እኛም ጥላ ሆንን፤ ማን ምን እንዳለ አይለይም፦
"ጎባጣው የጠፈር ፖስተኛ ነው።"
"ፖስተኛ ደግሞ ይዋጋል?"
"ደሞዙ ሲዘገይስ?"

"ጎባጣው አባቴ ነው" አለ ረፋቃት፣ ከሣንቲሙ ሳጥን ኋላ፤
"አፈር ተቀብቶ ትግል ይገጥም ነበር፣ እስኪጎብጥ፣ እስኪላላ።
የሱ ብቻ የሆነ አያያዝ ነበረው፤ ስም ሳያወጣለት ሞተ።"
መብራት ቢኖር አይናገርም ነበር፤ ጨለማው አፉን ከፈተ።

"አራተኛውስ?" አለ አንዱ።

ዝም።

ሙኒብ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሣንቲም የለውም፤ ያያል፤
በሰው ብብት ሥር ሾልኮ ማሽን ሁለት ጋ ይቆማል።
"አራተኛው ወንድሜ ነው" አለ። "ከዶሃ ይመጣል።
ፎቶ ልኮልን ነበር፤ ክሬን ላይ ቆሞ፣ ፀሐይ ከኋላው፤
ፊቱ አይታይም። ትከሻና ራስ ነው። ልክ እንደዚያው።"

ዛርጋም ሊስቅ አፉን ከፍቶ (ሰማሁት) መልሶ ዋጠው።

እንግዳ ስንል ምን ነበር? የሌላ ዓለም ሰው መስሎን፤
ለካ የገዛ ቤት ሰው ነው፣ ቆይቶ እንግዳ ሲሆን።

ወንድሙን፣ ኢህቲሻምን፣ አውቀዋለሁ፤ ማለት፣ እጁን አውቀዋለሁ፦
እጀታውን ወደ ግራ ያጎብጣል፤ ሦስት ጊዜ ቀይሬለታለሁ።
የመጨረሻውን አልጣልኩትም። ቀይ ኳሱ፣ አንድ ጎኑ የተላጠ፣
ከብሎን ጋር በመሳቢያዬ ሁለት ዓመት የተቀመጠ።

በጨለማ፣ በዳሰሳ፣ የማሽን ሁለትን እጀታ ፈታሁ፤
አዲሱን ኳስ ነቅዬ፣ ያንን የተላጠ ሰካሁ።

"ወንድም ከሆነ" አለ ሻህሚር፣ "ከኩባንያ ጋር ውል የለም፤
ባለመብቷ እናቱ ናት፤ እሷ ደግሞ አትከለክልም።"

መብራት መጣ።
አምስት ማሽን አንድ ላይ ጮኸ።
መልሰን ፊት ስናወጣ ትንሽ ተፋፈርን።
ዛርጋም፣ ማንንም ሳያይ፣ አንድ ሣንቲም ለሙኒብ ወረወረ።

ልጁ እጀታውን ጨበጠ።
የተላጠው ጎን መዳፉ ላይ ሲያርፍ
ቆም አለ፤ ቀና ብሎ አየኝ።
እኔ ያልወደቀ ብሎን ፍለጋ አቀረቀርኩ።

ስማቸው ዓርብ ይወጣል ይላሉ።